ጌጡ የማን ነው፣ ስሙስ?
ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መታሰቢያ

በአገራችን የቆየ ልማድ ለቅሶ የሚደረገው በሬሳው ዙሪያ ብቻ አልነበረም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት በዳባትና በደባርቅ፣ እንደ ሌላውም የጎንደር አገር ሁሉ፣ የሟቹ ልብስ፣ ጋሻው ወይም ጠመንጃው፣ ሴት ከሆነችም ቀሚሷና ጌጧ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወጣ ነበር። አልቃሿ ልብሱን ይዛ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፤ ልብሱም ለጥቂት ሰዓት ሰው ይሆናል። ለቅሶው ሲበተን ያው ልብስ ተጣጥፎ ወደ ሣጥን ይመለሳል፤ ከሣጥኑ ወደ ወራሽ፣ ከወራሽም አንዳንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ከዚሁ ሣጥን የሚነሣ ነው። ይኸውም፣ የምንወደው ሰው ትቶት የሄደው ዕቃ ራሱን ሰውየውን ምን ያህል ይይዛል? ያንን ዕቃ መሸጥስ እርሱን መሸጥ ነውን?

ነገሩ እንዲገለጥልን አንድ ሰው በሐሳባችን እንፍጠር። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር እንደ መሆኗ፣ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ በመሆኑ፣ ብዙ የውጭ አገር እንግዳ ሲያልፍባት የኖረች ከተማ ናት። እንግዳ በሚያልፍበት አገር ደግሞ ሕዝቡ «አንቲካ» የሚለው ንግድ አይጠፋም። እንግዲህ ይህ ሰው ሚስቱ አንቲካ ነጋዴ የነበረች፣ አሁን ግን በሞት የተለየችው ነው እንበል። ተዝካሯ ከወጣ በኋላ የሱቁን በር ከፍቶ ይገባል። በመደርደሪያው ላይ የብር መስቀል፣ አልቦ፣ ድሪ፣ ወለባ፣ የቀንድ ዋንጫ ተደርድሯል፤ ብዙው ከሌላ ሴት አንገትና እግር የወረደ ነው። በመሳቢያው ውስጥ ደግሞ የራሷን የሚስቱን ድሪ ያገኛል። ብሩ ከብሩ አይለይም፤ ምናልባት ሁለቱም 1780 የሚል ቁጥር ካለበት ከማርያ ትሬዛ ብር የቀለጡ ናቸው። (እዚህ ላይ በመንገዳችን እናስታውስ፤ ያ ገንዘብ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በሞተችበት ዓመት ቁጥር ሲታተም የኖረ ነውና፣ የአንዲት ሟች ሴት መልክ ቀልጦ የሌሎች ሟቾች ጌጥ ሆነ ማለት ነው።)

ይህ ሰው የመደርደሪያውን ድሪ ለእንግዳ በዋጋ ለመስጠት አይከብደውም። ወደ መሳቢያው ሲመጣ ግን እጁ ይታሰራል። ልዩነቱ በብሩ ውስጥ አይደለም፤ የብሩ ክብደትም፣ የአንጥረኛው ጥበብም አንድ ነው። ልዩነቱ ባለቤቲቱን በሚያውቅ ሰው ልብ ውስጥ ነው። ታዲያ ይህ ከሆነ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ድሪስ አንድ ጊዜ እጁን ያሰረው ሌላ ባል አልነበረውምን? አንቲካ የሚባለው ዕቃ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ያለቀበት፣ ወይም የሚያውቀው ሰው የተራበ የአንድ ሰው ጌጥ ነው። በእኛ አስተያየት የጥያቄው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው መሸጡ ብቻ ሳይሆን፣ ሲሸጥ ስሙ ከእርሱ መለየቱ ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ሙታን ክብር ባስተማረበት ቦታ፣ የአባት ልብስና ቀለበት ልጆች አባታቸውን በወደዱት መጠን እንደሚወደድላቸው ያነሣል። ይህንንም የሚያነሣው ከልብስና ከቀለበት ይልቅ ለእኛ የቀረበው ሥጋችን በሞት ጊዜ ሊናቅ እንደማይገባው ለማስረዳት ነው። ሆኖም ይኸው ሊቅ የቀብር ድምቀት ሟቹን ከመጥቀሙ ይልቅ ሕያዋንን እንደሚያጽናና ይናገራል። እናቱ ቅድስት ሞኒካም እ.ኤ.አ. በ387 ከአገሯ ርቃ በኦስትያ ልትሞት በተቃረበች ጊዜ፣ ሥጋዋ የትም ቢቀበር እንዳይጨነቁ፣ ነገር ግን በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ለልጆቿ አደራ ብላለች። እንግዲህ በአንድ በኩል ቀለበቱ ይወደዳል፤ በሌላ በኩል ሰውየው በቀለበቱ ውስጥ የለም። ሁለቱም እውነት ነው። የሐዋርያት ሥራም በ9ኛው ምዕራፍ ስለ ጣቢታ ሲተርክ፣ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ሀብቷን ወይም ጌጧን አላሳዩትም፤ በሕይወት ሳለች ለእነርሱ የሠራችላቸውን ልብስ እያለቀሱ አሳዩት። ዕቃው ስለ እርሷ የመሰከረው ዋጋው ከፍ ስላለ አይደለም፤ ከእጇ ስለ ወጣ ነው።

አሁን ከምሳሌ ወደ ታሪክ እንለፍ። የዚሁ የሰሜን አገር ልጅ የሆነች፣ ጌጧና ቀሚሷ ወደ ሩቅ አገር የተወሰደባት አንዲት ሚስት አለችና። እርሳቸውም የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን ለብዙ ዘመን የገዙ መስፍን ነበሩ። ለእኛም ለካቶሊካውያን ስማቸው እንግዳ አይደለም፤ በ1833 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ሲልኩ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ አብሮ የሄደው በእርሳቸው ጥያቄ ነው። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ለራሳቸው መንገሻ ብለው እንዳሠሯት ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን በደረስጌ አቅራቢያ በተደረገው ጦርነት ድል ሆነው ተያዙ፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያንም የነገሡት ድል አድራጊው ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከልብ የወደዷት ሚስት የመጀመሪያዪቱ፣ የራስ ዓሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። አባታቸው ከባላቸው ጋር ሲጣሉ ተዋበች ከባላቸው ጎን ቆሙ። ሁለቱም በቁርባን ተጋብተው በአንድነት ኖሩ፤ ይህም መኳንንቱ ብዙ ዕቁባት ማኖርን እንደ ክብር በሚቆጥሩበት ዘመን ቀላል ምስክርነት አልነበረም። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባይ ከዚያ ወዲህ እንደ ከፋ ብዙዎች ጽፈዋል። (ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በዚሁ ንጉሥ ሰንሰለት ታስረው በ1847 ዓ.ም. ማረፋቸውን የምናስብ እኛ፣ ጭካኔውን ሁሉ ከሐዘን በኋላ የመጣ አድርገን ለመቀበል እንቸገራለን። ነገር ግን ሐዘኑ እውነተኛ እንደ ነበረ አንክድም።)

በዚህ ሐዘን በተሞላ ቤት ነው እንግዲህ የሰሜኑ መስፍን ልጅ የገቡት። አባታቸው በባላቸው እስር ቤት ውስጥ ነበሩ። ተዋበች የምትወደድ ሚስት ሆና ስትታወስ፣ ጥሩወርቅ የማትስቅ፣ ኩሩ ሴት ተብለው ተተረኩ። አንድ ቀን ዳዊት ሲደግሙ ንጉሠ ነገሥቱ ቢገቡ እንዳልተነሡ፣ ምክንያቱንም ሲጠየቁ ከእርሳቸው ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገሩ እንደ ነበር እንደ መለሱ ይተረካል። ትረካው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ኩራታቸውን ለማሳየት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን፤ አባቷ የታሰረባት፣ ያለ ፍቅር የተዳረች ሴት የራሷ የሆነ አንድ ስፍራ ነበራት፤ እርሱም የዳዊት መጽሐፏ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ሌላ ሴት አስገቡ፤ ከጥሩወርቅ ግን በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ።

የሚከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሩ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። ከዚያም የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከሽያጩ ወደ 5000 ፓውንድ ተገኝቶ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪታንያ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ የሚባለው ሰው አስቀድሞ አንድ የወርቅ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዝቶ ነበር። ጽዋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት ነው። የቅዱስ ቁርባን ጽዋ በ4 ፓውንድ! ይህን ዋጋ ስንሰማ የሚቆጣው ልባችን፣ በ4000 ፓውንድ ተገዝቶ ቢሆን ይበርድ ነበርን? አይበርድም ነበር። ስለዚህ የሚያስቆጣው የዋጋው ማነስ አይደለም ማለት ነው።

እቴጌ ጥሩወርቅም ከልጃቸው ጋር ወደ ባሕር በሚመለሰው ጦር መካከል ሲጓዙ ታመው፣ መቅደላ በወደቀ በወሩ፣ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በትግራይ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር አደገ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ቀሚሳቸውና ጌጣጌጣቸው ደግሞ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ከታዩት ዕቃዎች መካከል ነበር። በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈው ስም ግን በአገራቸው የምንጠራቸው ጥሩወርቅ አይደለም፤ «ወይዘሮ ጥሩነሽ» ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። ዘራፊው ልብሱን ወሰደ፤ ዳሩ ግን የባለቤቲቱን ስም አጠገቡ ጻፈ። ስሙ የዕቃውን ዋጋ ከፍ ስለሚያደርግ ነው እንጂ ስለ ፍቅር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ጻፈው። እኛስ? በደባርቅና በዳባት፣ በአባታቸው አገር፣ ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ ምን እንላለን? የውቤ ልጅ፣ የቴዎድሮስ ሚስት፣ የዓለማየሁ እናት ብለን በሦስት ወንዶች ስም እንጠራቸዋለን፤ ለብቻቸው ምን እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሴቲቱን የረሳናት ዕቃዋ ስለ ተወሰደ ነው ማለት ለራሳችን ማድላት ይመስለናል። ዕቃው ቢመለስ ደስ ይለናል፤ መመለሱም ፍትሕ ነው። የዘነጋነውን ሕይወት ግን ቀሚሱ ብቻውን ሊመልስልን አይችልም።

ወደ ዋጋ ነገር እንመለስ። ኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ አብርሃም ሚስቱ ሣራ በሞተችበት ጊዜ ያደረገውን ይተርካል። ኤፍሮን መሬቱን በነጻ ሊሰጠው ሲል አብርሃም እምቢ ብሎ፣ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ የመካፈላን ዋሻ ገዛ። አብርሃም በተስፋይቱ ምድር በገንዘቡ የገዛው መሬት የሚስቱ መቃብር ነው። እዚህ ላይ ብርና ሙታን ተገናኙ፤ ነገር ግን ማንም አልረከሰም። ሻጩ ባለቤት ነበር፤ ገዢው ስለ ማን እንደሚገዛ በግልጥ ተናገረ፤ ምስክር ቆመ። በደላንታ ሜዳ ግን ሻጩ ባለቤት አልነበረም፤ ባለቤቱም አልተጠየቀም። ስለዚህ ገንዘብ ራሱ የሙታንን መታሰቢያ ያረክሳል የሚለው አነጋገር ችኩል ነው። የሚያረክሰው በዋጋው ውስጥ የሚደበቀው ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ክርክር ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት አቅራቢያ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያው ጦርነት ከየቀዬው የተፈናቀለ ሕዝብ በደባርቅና በዳባት ተጠልሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ልጆቹም የሚበሉትን ያጡበት፣ የእርሷን ድሪ ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ ምን እንለዋለን? ከሃዲ ነህ እንለዋለንን? በፍጹም። የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ እ.ኤ.አ. በ378 ከአድርያኖፕል ጦርነት በኋላ የተማረኩትን ሰዎች ለመቤዠት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ሸጧል፤ ስለዚህም ሲነቀፍ ለእግዚአብሔር ከወርቅ ይልቅ ነፍሳትን ማስቀመጥ እንደሚሻል አስረድቷል። ንዋየ ቅድሳት እንዲህ ከሆነ የሚስት ድሪማ እንዴት አይሆንም! እርሷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ከአንገቷ አውልቃ ትሸጠው እንደ ነበር ማን ይጠራጠራል? ልጆቿን ያበላ ድሪ ከመደበኛ ሥራዋ አልወጣም።

ነገር ግን ከዚህ ፍርድ የማያመልጥ ሌላ ሽያጭ አለ። የአንድ ሰው ጌጥና የአደራ ዕቃ አንድ አይደሉም። ብራና፣ ጽዋ፣ የመጾር መስቀል፣ ታቦት የጠባቂው ንብረት አይደለም፤ ያለፈውና የሚመጣው ትውልድ በእጁ ያኖረበት ነው። አምብሮስዮስ ሲሸጥ ጳጳስ ሆኖ በሕዝብ ፊት፣ ለሰው ነፍስ ሸጠ። በሌሊት ጽዋ ለአንቲካ ነጋዴ የሚያቀብል ሰው ግን ረኃብ ቢኖርበትም የራሱን አልሸጠም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ግን ኅሊና ይከለክል ነበር።

የገዢውስ ነገር? በዚህ ረገድ የጨለቆት ታሪክ ይመልስልናል። እቴጌ ጥሩወርቅ ከተቀበሩበት ከዚያው ከጨለቆት ሥላሴ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ የሰጡት አክሊል እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ ጠፋ። በ1998 በኔዘርላንድስ በሮተርዳም ከተማ የሚኖሩ አቶ ሲራክ አስፋው የተባሉ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ፣ እንግዳ በቤታቸው ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ አክሊሉን አገኙት። ቢሸጡት ብዙ ገንዘብ ባገኙበት ነበር፤ ቢመልሱት ደግሞ እንደገና ይጠፋል ብለው ፈሩ። ስለዚህ 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. አክሊሉ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኚህ ሰው አንቲካ ነጋዴም፣ የሙዚየም ሹምም አይደሉም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጃቸው የገባው ዕቃ የማን እንደሆነ ጠየቁ፣ መልሱንም ካወቁ በኋላ እንዳላወቁ አልሆኑም።

ይህን ካልን በኋላ በሐሳባችን የፈጠርናት ነጋዴ ሚስት ምን ዓይነት ነጋዴ እንደ ነበረች መጠየቅ ተገቢ ነው። ከገበሬ ሴት ድሪ ስትገዛ «ይህ የማን ነበር?» ብላ ጠይቃ፣ የሴቲቱን ስምና ቀበሌ በደብተሯ ጽፋ፣ ለገዢውም ያንኑ ነግራ ከሆነ፣ ሱቋ ሌላ የመታሰቢያ ስፍራ ነበር። ስሙ የማይታወቀውን «የንግሥት ነው» እያለች ዋጋ ካስጨመረች ግን ሁለት ሴቶችን በአንድ ጊዜ በደለች፤ ንግሥቲቱንም፣ ድሪው የእርሷ የነበረችውንም። ባሏ ስለ እርሷ ሲያለቅስ ይህንንም ሊያውቅ ይገባዋል። ሙሾ አልቃሽ ለሁሉም ሟች ያንኑ ምስጋና ትደርድራለች፤ ሚስቱን የወደደ ሰው ግን በጎዋንም ድካሟንም ለይቶ ያስታውሳል፤ ለድካሟም ይጸልያል። ጸሎተ ሙታን የምናደርገው ሟቹ ፍጹም ነበር ብለን አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ2023 የልዑል ዓለማየሁን አጽም ከዊንዘር ለማስመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በተዘጋጀበት ጊዜ ልጁ በዊንዘር፣ እናቱ በጨለቆት፣ ቀሚሷም በሎንዶን ናቸው። በእኛ እጅ ያለው ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን ባዶ አይደለም። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች በየቁምስናው ያለውን መዝገበ ሙታን ገልጠው ቢያዩት፣ ሚስቶች ብዙ ጊዜ «የእገሌ ባለቤት» ተብለው የተጻፉበት ቦታ ይኖራል። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ የሴቲቱ የክርስትና ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የተወለደችበት ቦታ፣ በእጇ ትሠራው የነበረው ሥራ፣ ፈትልም ቢሆን ስፌትም ቢሆን ንግድም ቢሆን። ለዚህ አንድ እስክርቢቶና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ለመጪው የኅዳር ወር የሙታን መታሰቢያም ይደርሳል።